ቤትና በዓል፦ ለመኖሪያ ቤት መቆጠብና ዛሬን መኖር፣ ከኮን ደጋ እስከ ባሕር ማዶ

ለመኖሪያ ቤት ብሎ ለዓመታት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ሁለት ግዴታዎች ይጋጩበታል፤ አንደኛው ነገ ከነቤተሰቡ የሚጠለልበትን ጣሪያ ማቆም ሲሆን፣ ሁለተኛው ዛሬ በሕይወት ካሉት ወላጆቹ፣ ልጆቹና ጎረቤቶቹ ጋር ወግ ያለው ኑሮ መኖር ነው። የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኮንና ከዚያ እስከ ላሊበላ በተዘረጋው ደጋ ይህ ግጭት ከጥንት ጀምሮ የሚዳኝበት ሥርዓት አለው፤ ከዚያው ደጋ ወጥተው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ይጋፈጡታል። ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሲታዩ ጎልቶ የሚወጣው እውነት፣ ቆጣቢን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የቁጠባው ማብቂያ አለመታወቁ መሆኑ ነው።

በደጋው፦ እህል፣ ከብትና ቆርቆሮ

የዋድላና የላስታ ገበሬ ትርፉን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው በዓይነት ነው፤ ገብሱንና ባቄላውን በጎተራ ይከታል፣ በግ ያረባል፣ በጓሮው ባሕር ዛፍ ይተክላል። ቤት ሲያስብም ድንጋዩን በአንድ በጋ ያስፈልጣል፣ ማገሩንና ወራጁን ከራሱ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፣ ቆርቆሮውን በግ በተሸጠ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ይገዛል፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ደግሞ ጎረቤቶቹን ጠርቶ እያበላና እያጠጣ በደቦ ያሠራል። በላሊበላ እስከ ዛሬ የሚታዩት ክብ፣ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤቶች የአካባቢው ሰው ለቤት የሚሰጠውን ዋጋ ይመሰክራሉ።

በዓይነት የመቆጠቡ ጥንቃቄ አንዱ ምንጭ የረኃብ ትዝታ ነው። ይህ ደጋ የሚገኝበት ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በጽኑ ረኃብ ተመትታለች፤ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው፣ ስለ ወሎ ገበሬዎች የመትረፍ ስልት በሚያወሳው ጥናታቸው፣ ቤተሰቦች ክፉ ቀን ሲመጣ አስቀድመው ፍጆታቸውን እንደሚቀንሱና የእርሻ በሬያቸውን ላለመሸጥ እስከ መጨረሻው እንደሚታገሉ አሳይተዋል። ሌላው ምንጭ የዋጋ ንረት፣ ማለትም የዕቃዎች ዋጋ በጥቅሉ እያደገ የገንዘብ የመግዛት አቅም የሚደክምበት ሁኔታ ነው፤ ለባንክ ቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 7 በመቶ እንዲሆን ቢወሰንም፣ ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ስለ ነበር፣ በደብተር የተቀመጠ ብር በየወሩ ሲመነምን ቆርቆሮና በሬ ግን ዋጋቸውን ይዘው ቆይተዋል።

ጾምና ፍስክ፦ ደስታ የራሱ ቀን ሲኖረው

ይህን የመሰለ ጥብቅ ኑሮ ሰውን ሳያጎሳቁል ለመዝለቅ የቻለው የዓመቱ ቀን አቆጣጠር ለደስታም የማይነካ ቦታ ስለ ሰጠው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይፈጃል፤ ከትንሣኤ በኋላ የሚመጣው በዓለ ሃምሳ ግን 50 ቀን ሙሉ የፍስክ ጊዜ በመሆኑ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙበትም። ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያትም በገና ይፈታል፤ ለዚያ ቀን ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን በሶውንና ቆሎውን ሰንቆ፣ የመንገዱን ወጪ ከወራት አስቀድሞ አስቦ ይነሣል። በወሎ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሙስሊሞችም ረመዳንን የሚዘልቁት ዒድ አልፈጥር የሚውልበትን ጊዜ እያወቁ ነው።

በዓሉ የግል ምርጫ አለመሆኑም ትልቅ ትርጉም አለው። ማኅበር፣ ማለትም አባላት በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ ተራ እየገቡ የሚያዘጋጁት የጋራ ማዕድ፣ ተራው የደረሰውን ሰው ወጪ ያስወጣዋል፤ በሌሎቹ ወራት ግን ያው ሰው እንግዳ ሆኖ ይስተናገዳል፤ ስለዚህ የአንዱ ወጪ ለሌላው ደስታ ይሆናል፣ ማንም ብቻውን አይደሰትም፣ ማንም ብቻውን አይቆጥብም። ይሁን እንጂ የደጋውን ልማድ እንዳለ ማወደስ ተገቢ አይሆንም፤ ለሠርግና ለተዝካር፣ ይኸውም ለሟች መታሰቢያ ለሚደገሰው ድግስ፣ በሬውን ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ለዓመታት ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ለዓመት በዓል የተወሰነ ቀን ያስቀመጠው ልማድ ለድግስ መጠን የተወሰነ ልክ አላስቀመጠም፤ የሥርዓቱ ድካም ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በባሕር ማዶ፦ ማብቂያው የሚርቅ ጾም

በምዕራቡ ዓለም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤቱን የሚያገኘው በአንድ ጊዜ ግዢ ስለሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያውን፣ ማለትም ባንኩ ቀሪውን ከማበደሩ በፊት ገዢው ራሱ የሚያዋጣውን ድርሻ፣ አስቀድሞ ማጠራቀም ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የውጭው ሥርዓት እርዳታ ይሰጣል፤ ለምሳሌ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረው ላይፍታይም አይሳ በተባለው የቁጠባ ሒሳብ ለመጀመሪያ ቤቱ የሚቆጥብ ሰው በዓመት እስከ 4,000 ፓውንድ ሲያስቀምጥ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምርለታል። ችግሩ የሚመጣው የቤት ዋጋ ከቁጠባው ፈጥኖ ሲያድግና ግቡ በየዓመቱ ሲርቅ ነው፤ ቆጣቢው ሁለተኛ ሥራ ይይዛል፣ በዓመት በዓል ቀን ሥራ ይገባል፣ ለቅሶና ክርስትና መሄድ ይተዋል፣ ወላጆቹን ሄዶ መጠየቅንም ቤቱ ከተገዛ በኋላ ለሚመጣ ጊዜ ያስተላልፋል፤ በዚህ መካከል ወላጆች ያርፋሉ፣ ልጆችም ያለ አባትና እናት ጨዋታ ያድጋሉ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ይህ የቁጠባ ጾም ከሚያስፈልገው በላይ ይረዝማል። በአሜሪካ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ሳያጠራቅሙ መግዛት አይቻልም የሚለው እምነት ሰፊ ቢሆንም፣ የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው ብድር መስፈርቱን ለሚያሟላ ገዢ በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈቀዳል፤ እንዲህ ያለው ገዢ ተጨማሪ የብድር መድን ስለሚከፍል ሁለቱን መንገዶች አስልቶ ማነጻጸር ይገባዋል፣ ስሌቱ ግን የመታቀቡን ዘመን በብዙ ዓመታት ሊያሳጥር ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ቁጠባ በዐረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚደክሙት የወሎ ሴቶች ቁጠባ ነው፤ ብዙዎቹ ለራሳቸው ምንም ሳያስቀሩ ደመወዛቸውን ወደ ቤተሰብ ይልካሉ፣ ገንዘቡም በሌላ ሰው እጅ ለቀለብ፣ ለዕዳና ለወንድም ትምህርት ይውላል። ሳውዲ ዐረቢያ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የማያንሱ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመላሾቹ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን አገራቸው ገብተዋል። ዛሬን ለቤተሰብ የሰጠች ልጅ ነገዋንም እንዳታጣ፣ ከደመወዟ የተወሰነ ድርሻ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ መቀመጡ፣ የሚሠራውም ቤት በስሟ መመዝገቡ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

የራቀ ማብቂያ የስደተኛ ብቻ ፈተና አይደለም። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገቡት መካከል ዕጣ የደረሳቸው በ2015 ዓ.ም. የሆነ አሉ፤ በ2005 ዓ.ም. የተከፈተው ምዝገባም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ መርሐ ግብሮች፣ ማለትም የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው የሚያጠራቅመውን፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረውን መቶኛ በሚያሳዩ ስምምነቶች፣ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ አስጠብቋል። በውጭ የሚኖር ቆጣቢ ደግሞ የምንዛሪውን አደጋ ይጨምርበታል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ቀድሞ ወደ ብር የተመነዘረ ቁጠባም በዶላር ሲለካ ከዋጋው ትልቅ ድርሻ አጥቷል።

እቁብ የሚያስተምረው ልክ

በሁለቱ ዓለሞች መካከል ድልድይ ሆኖ የቆየው እቁብ፣ ማለትም አባላት በየጊዜው እኩል እያዋጡ ጠቅላላውን በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር፣ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፈርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ተራ በተራ የሚደርሱ የቁጠባ ማኅበራት ከገበሬው ኑሮ ወደ ገበያው ኑሮ መሸጋገሪያ ብሎ ገልጿቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የእቁብ ትልቁ ጥበብ ልኩ አስቀድሞ መታወቁ ነው፤ 12 አባላት ያሉት ወርኃዊ እቁብ በ12 ወር ያልቃል፣ መዋጮው አይለወጥም፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ያቀርባል፣ ዕጣ የሚወጣበትም ቀን ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቀን ይሆናል። እምነት በፈረሰበት ቦታ ሁሉ እቁብ ስለሚፈርስ ትልቁን የቤት ገንዘብ በሕግ በተጠበቀ ባንክ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከእቁብ የሚወሰደው የሥርዓቱ ልክ ነው።

በዚህ ልክ የሚመራ ቆጣቢ ለቤቱ የሚያስፈልገውን መጠንና የሚያበቃበትን ዓመት አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያ ከገቢው ላይ ለዓመት በዓል፣ ለማኅበርና ወላጅን ለመጠየቅ የሚውል ድርሻ ለይቶ ያስቀምጣል፣ ይህን ድርሻ ለቤቱ ብሎ አይነካም፣ ለድግስ ብሎም አያልፈውም። የተወሰነው ዓመት ደርሶ ቤቱ ካልተገኘም የሚያሻው መታቀቡን ማራዘም ሳይሆን ዕቅዱን መከለስ ነው፤ አነስ ያለ ቤት፣ ራቅ ያለ ሰፈር ወይም ዝቅ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሊመረጥ ይችላል፣ ያለፈ የወላጅ ዕድሜና የልጅ ልጅነት ግን በማናቸውም ብድር አይመለስም።