ቡና በጨርቅ ሲወርድ

«ገዳሪፍ ላይ ቡና አለ ወይ?» ላላችሁኝ ዘመዶች፦ አለ። ሱዳኖቹም «ጀበና» ይሉታል፤ ዝንጅብል አብረው ይወቅጡና የጀበናውን አፍ በቃጫ ወትፈው ይቀዳሉ።

የእኛ ጀበና ግን ተሰበረች፣ ከሰልም ተወደደ። አሁን ንጹህ ሻሽ ጣሳ ላይ ወጥሬ የተወቀጠውን ቡና እጨምርና የፈላ ውሃ ቀስ እያልኩ አወርድበታለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ ዱቄቱ እስኪያብጥ ታገሡ። ከሰል የሚፈጀው ውሃው እስኪፈላ ብቻ ነው፤ አተላም የለው።

ቶናና በረካም የለው! አንዴ ወርዶ ያልቃል፣ ጎረቤት ሳይደላደል ይነሣል። ኡም ራኩባ ማን ታመመ፣ ማን በመተማ አድርጎ አገሩ ገባ፣ የማን ልጅ ድምፁ ጠፋ የምንሰማው በሦስተኛው ስኒ ነበር።

በመተማ በኩል የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ አንዲት የሸክላ ጀበና በጭድ ጠቅልላችሁ ላኩልን።