በባሕር ላይ ስለሚቀዳ መጠጥና ስለ መንገደኞች ደኅንነት

በቀድሞ ዘመን በትልቅ ቤት ግብር በሚበላበት ጊዜ ሁለት ዓይነት አገልጋዮች ይቆሙ ነበር። አንደኛው አሳላፊ ነው፤ ሥራው እንግዳው እንዳይጠማ ብርሌውን መሙላት ነው። ሁለተኛው አጋፋሪ ነው፤ ሥራው የሚገባውን ማስገባት፥ የማይገባውን መከልከል፥ መጠጥ የበረታበትንም ሰው ሳያዋርድ ከአዳራሹ በደኅና እንዲወጣ ማድረግ ነው። አሳላፊና አጋፋሪ በአንድ ጌታ ቤት ያደሩ ቢሆኑም ሥራቸው አይደባለቅም፤ አንዱ ስለ ልግስና ያስባል፥ ሌላው ስለ ሥርዓት ያስባል። ግብሩ ያለ ጠብና ያለ ጉዳት የሚፈጸመው ሁለቱም በየስፍራቸው ሲቆሙ ነው።

በዛሬው ጊዜ በውቅያኖስ ላይ የሚመላለሱትን የሽርሽር መርከቦች ለሚመለከት ሰው ይህ ምሳሌ ይጠቅመዋል። እነዚህ መርከቦች ሰውን ከወደብ ወደ ወደብ ለማድረስ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ጉዞው ራሱ ግብዣ ነው። በ2024 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሥራ የጀመረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ 20 ፎቅ አላት፤ እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ያህል ሠራተኛ ትይዛለች። ይህ የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው፤ ነገር ግን ከተማይቱ በውሃ ላይ ተንሳፋፊ ናት። በየብስ የሚኖር ሰው ከጠጅ ቤት ሲወጣ ቢወድቅ የሚወድቀው በመንገድ ላይ ነው፤ ጎረቤት ያነሣዋል፥ ዘመድ ደግፎ ከቤቱ ያደርሰዋል። በባሕር ላይ ግን ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ እስከ ጥልቁ ድረስ ያለው ጥቂት እርምጃና አንድ የብረት መከታ ብቻ ነው።

መጠጥና መርከብ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ሩም የተባለውን ከሸንኮራ የሚወጣ አረቄ በየቀኑ ድርጎ አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። በ1740 ዓ.ም. አድሚራል ኤድዋርድ ቬርነን ስካር የሰዎቹን ጤናና ሥርዓት እንደሚያበላሽ ተመልክቶ፥ አረቄው በውሃ ተበርዞ በቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሎ እንዲታደል አዘዘ። ድርጎው ፈጽሞ የቀረው ግን በጁላይ 31 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1914 ዓ.ም. መጠጥን ከመርከቦቹ አስወጥቶ ነበር፤ እንግሊዞች ግን ከመበረዝ እስከ መተው ለመድረስ 230 ዓመት ፈጀባቸው። ልማድ የሆነ ነገር፥ ጉዳቱ ቢታወቅም እንኳ፥ በአንድ ቀን እንደማይነቀል ይህ ያሳያል።

በአሜሪካ አገር ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ባሕር ለጠጪዎች መሸሸጊያ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ክልከላው በአሜሪካ የባሕር ወሰን ውስጥ በሚገኝ መርከብ ሁሉ ላይ እንደሚሠራ፥ ከወሰኑ ወጥቶ በሰፊው ባሕር ላይ ባለ መርከብ ላይ ግን እንደማይደርስ ፈረደ። ከዚህ በኋላ የመርከብ ባለቤቶች ወዴትም የማይደርስ ጉዞ መሸጥ ጀመሩ፤ መርከቢቱ ከወሰኑ ትወጣለች፥ መንገደኛው ይጠጣል፥ ተመልሳም ከተነሣችበት ወደብ ትገባለች። መጠጥ ወደ ተፈቀደባት ወደ ሐቫና የሚደረገው ጉዞም ብዙ ገበያ አገኘ።

በዚህ በሐቫናና በኒው ዮርክ መካከል ከምትመላለሱት መርከቦች አንዲቱ ሞሮ ካስል ትባል ነበር። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት፥ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፥ በኒው ጀርሲ ጠረፍ አጠገብ እሳት ተነሣባት። አለቃዋ በዚያው ምሽት በድንገት ሞቶ ስለ ነበረ ምክትሉ ሥልጣኑን ከተረከበ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኖት ነበር። ውስጧ ባማረ እንጨት ያጌጠ ስለ ነበረ ነበልባሉ ፈጥኖ ተዛመተ፤ 137 ሰዎችም ጠፉ። በመጀመሪያ ከወረዱት የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚበዙትን የያዟቸው መርከበኞች እንጂ መንገደኞች አልነበሩም። የእሳቱ መነሻ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልተገለጠም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በመጠጥ ላይ ማላከክ አይገባም። ነገር ግን ለደስታ በተዘጋጀ ቤት ስለ አደጋ ማሰብ እንዴት እንደሚዘነጋ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አበው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት፥ የባሕር ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከጥፋት በኋላ ነው። ታይታኒክ በ1912 ዓ.ም. ሰጥማ ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ በ1914 ዓ.ም. መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው በባሕር ላይ ስለ ነፍስ ደኅንነት የመጀመሪያውን ስምምነት ተፈራረሙ። በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ 4,229 ሰዎች ይዛ በኢጣልያ በጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ በጎኗ ተኛች፤ 32 ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ቀን ከተሳፈሩት መንገደኞች ብዙዎቹ በአደጋ ጊዜ ወዴት እንደሚሰበሰቡ ገና አልተማሩም ነበር፤ የነበረው ሕግ ለልምምዱ እስከ 24 ሰዓት ፋታ ይሰጥ ነበርና። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ልምምዱ መርከቢቱ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደ ተነሣች ወዲያው እንዲፈጸም ተደነገገ። በዚያች ሌሊት አእምሮው የረጋ ሰው እንኳ በዘመመ ወለል ላይ መንገዱን ማግኘት አቅቶት ነበር፤ ናላው የዞረበት ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

መጠጥ በባሕር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከየብስ የሚከፋበት ምክንያት ግልጥ ነው። አልኮል አስቀድሞ የሚነሣው ሚዛንን ነው፤ መርከብም በተፈጥሮዋ የምትወዛወዝ ናትና ሰካራሙ ሁለት ጊዜ ይንገዳገዳል። ቀጥሎ ፍርሃትን ያስወግዳል፤ ፍርሃት የሌለው ሰው በመከታው ብረት ላይ መቀመጥ ወይም ከአንዱ ሰገነት ወደ ሌላው መንጠላጠል ጀግንነት ይመስለዋል። ወደ ባሕር ቢወድቅም የቆዳውን የደም ሥሮች አልኮል ስላሰፋቸው የሰውነቱ ሙቀት ፈጥኖ ይወጣል። መርከቢቱም እንደ በቅሎ በልጓም የምትቆም አይደለችም፤ በሙሉ ፍጥነት የምትሄድ ታላቅ መርከብ እስክትቆም ድረስ ብዙ ርቀት ትጓዛለች። ሌሊት ከሆነና ያየ ሰው ከሌለ መውደቁ የሚታወቀው ሲነጋ ነው።

እንግዲህ ጠባቂው ማን ነው? ስለ መርከበኞቹ ሕጉ በቂ ነገር ተናግሯል። በ2010 ዓ.ም. በማኒላ የተሻሻለው የመርከበኞች ስምምነት በደማቸው ውስጥ ያለው አልኮል ከመቶ 0.05 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ደንቡም በ2012 ዓ.ም. መሥራት ጀመረ። የአሜሪካ የጠረፍ ጠባቂዎች ደንብ ደግሞ ልኩን ወደ 0.04 ዝቅ አድርጎ፥ ሰው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ባሉት 4 ሰዓቶች ውስጥ መጠጥ እንዳይቀምስ ይከለክላል። ከባሕር ዳር የባሕር ትምህርት ቤት ወጥተው በውጭ አገር መርከቦች የሚያገለግሉት ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ልክ ይዳኛሉ። ለመንገደኛው ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ ሊኖረውም አስቸጋሪ ነው፤ እርሱ መሪ አልጨበጠም፥ ሞተርም አይጠብቅም። ስለዚህ የመንገደኛው መጠን የተተወው ለራሱና መጠጡን ለሚቀዳለት ሰው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የመርከብ ማኅበሮች ትርፋቸውን ከመሳፈሪያው ዋጋ ብቻ አያገኙም፤ ሰው ከተሳፈረ በኋላ ከሚያወጣው ገንዘብ፥ ይልቁንም ከመጠጥና ከቁማር፥ ብዙ ያገኛሉ። መንገደኛው መጠጥ ደብቆ እንዳያስገባ ሻንጣው ይፈተሻል፤ ይህ ለሥርዓት ይጠቅማል፥ ለገበያውም ይጠቅማል። ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ በየቀኑ እንደ ልብ የሚጠጣበት ውልም ይሸጣል፤ የከፈለም ሰው ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል ከልኩ በላይ ይጠጣል። ከማኅበሮቹ አንዱ በዚህ ውል በ24 ሰዓት ከ15 አልኮል ያለበት መጠጥ በላይ እንዳይቀዳ ወስኗል። ልክ ማበጀቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን 15 ብርጭቆ የጠጣ ሰው ደረጃ ሲወርድ ልኩ አይደግፈውም። በብዙ መርከቦችም በመጠጡ ዋጋ ላይ ከመቶ 18 ወይም ከዚያ በላይ ለአገልግሎት ይጨመራል። እንዲህ ከሆነ በብዛት የቀዳው ይመሰገናል፤ ይበቃሃል ያለው ግን ከእንግዳው ቁጣን፥ ከአለቃው ጥያቄን ያተርፋል። አሳላፊው አጋፋሪም ሁን ተብሎ ታዟል፤ ሁለቱ ሥራዎች ግን በአንድ ልብ አብረው አያድሩም።

ሕግ አውጪዎችና ዳኞች ይህን ፈጽሞ አላዩትም ማለት አይቻልም። በ2004 ዓ.ም. በፍሎሪዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ መስከሩ እየታየ ተቀድቶለት ከደረጃ ወድቄ ተጎዳሁ ያለው መንገደኛ ክስ መሰማት እንደሚገባው ወስኗል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግም ከአገሩ ወደቦች የሚነሡት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የዳር መከታቸው ከ42 ኢንች (107 ሳንቲ ሜትር ያህል) እንዳያንስ፥ በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ ከውስጥ ማያ ቀዳዳ እንዲኖር፥ ሰው ወደ ባሕር ሲወድቅ የሚያስታውቅ መሣሪያም በተቻለ መጠን እንዲተከል፥ ከባድ ወንጀል ሲደርስ ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ወዲያው እንዲነገር አዟል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም የብረቱ መከታ የሚያገለግለው ሰውየው ከሰከረ በኋላ ነው። ብዙዎቹ መርከቦችም እንደ ባሃማስና እንደ ፓናማ ያሉትን አገሮች ሰንደቅ ዓላማ ስለሚሰቅሉ በሰፊው ባሕር ላይ ሲሆኑ የሚጠብቃቸው ሕግ የእነዚያ አገሮች ነው፤ የተበደለ ሰውም ዳኛውን ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ይደክማል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ መንገደኛው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፥ ገንዘቡን ከፍሎ ለደስታ መጥቷል፥ እንደ ሕፃን ሊጠበቅ አይገባውም ይል ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ በልክ ጠጥቶ በደኅና ይመለሳልና ስለ ጥቂቶች ሁሉን መከልከል ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን በመርከብ ላይ የአንድ ሰው ስካር የራሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እርሱ ወደ ባሕር ሲወድቅ መርከቢቱ ሁሉ ትመለሳለች፤ የአዳኞችም ነፍስ ለአደጋ ይጋለጣል። በጠባቡ መተላለፊያ የሚጋፋትን ሴት፥ ከጎኑ ባለው ክፍል የተኛውን ሕፃን፥ እሳት ቢነሣ ሊሸከሙት የሚገደዱትን መርከበኞች ማን ይቆጥራቸዋል? በየብስ ሰካራምን የሚሸሽ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በባሕር ላይ ግን ሁሉም በአንድ ቤት ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ መጠጡን ማጥፋት ሳይሆን የአጋፋሪን ስፍራ መመለስ ነው። በቃ የሚለው ሰው ደመወዙ ከሽያጩ የተለየ ይሁን፤ ቃሉንም የመጠጥ ቤቱ አለቃ ሊሽረው አይቻለው። የአሳላፊው ገቢ በቀዳው ብርጭቆ ቍጥር አይለካ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ልምምዱ ብርጭቆ ሳይነሣ፥ አእምሮ ሳይደክም ይፈጸም። የሰከረውም ሰው እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ ተደግፎ ወደ መኝታው ይድረስ፤ እስኪነቃም ድረስ የሚጠይቀው አይታጣ። እንግዳን የሚያከብር ጌታ የሚታወቀው ብርሌ በመሙላቱ ብቻ አይደለም፤ የጋበዘው ሰው በማግሥቱ በደኅና መንቃቱን በመጠየቁ ነው።