ለራሴ የጻፍኩት የፈቃድ ደብዳቤ

አማቴ ከደጎሎ ሲደውሉ እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መሰላል ጫፍ ቆሜ የኔትወርክ ገመድ እየጎተትኩ ነበር። ሚስቴ ለመውለድ እናቷ ዘንድ ከሄደች ወር አልፏታል።

«ማርያም ማረቻት! ሴት ናት!» እልልታው ከኋላቸው ይሰማል። «በል አሁን ፈቃድ ጠይቅና ና።»

«ከማን ልጠይቅ እማማ?»

«ከአለቃህ ነዋ!»

«አለቃዬ እኮ እኔው ራሴ ነኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ምን ያለ ክፉ አለቃ ነው የገጠመህ ልጄ!»

ብቻዬን ሳቅኩና ገመዴን መጎተት ቀጠልኩ። ሥራውን ለማስረከብ 9 ቀን ቀርቶኛል፤ ካለፈ በየቀኑ ቅጣት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው ወዳጄ። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ፤ እኔም አቋቋምኩ። ሥራ አስኪያጁ እኔ፣ ቴክኒሻኑ እኔ፣ መሰላል ተሸካሚውም እኔ። ሳቋቁም፣ ብሞት ወይም አቅም ባጣ ድርጅቱን ማን እንደሚይዘው አስጽፈውኛል። ብወልድስ? ያ ቅጹ ላይ የለም።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አዋጅ ሳነብ አመሸሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ተከታታይ 3 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር። (ሦስት ቀን! ደጎሎ ደርሶ ለመመለስ ሁለቱ ያልቃሉ።) ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በ2010 የወጣው አዋጅ 1064 ደግሞ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር። እኔስ? አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም፤ በራሱ የንግድ ኃላፊነት ውል ወስዶ የሚሠራንም አይመለከትም። ሁለቱንም እኔ ነኝ። በሁለት በር አስወጡኝ ማለት ነው።

ለንደን ላለ ጓደኛዬ ደወልኩለት፤ እሱም እንደኔ የአንድ ሰው ኩባንያ አለው። ልጁ ሲወለድ ኩባንያው በደመወዝ መዝገቡ ላይ ላለው ሠራተኛ፣ ማለትም ለራሱ፣ መንግሥት በወሰነው ልክ የሁለት ሳምንት ክፍያ ከፈለው። ኩባንያው ትንሽ ስለሆነ መንግሥት የተከፈለውን ከጭማሪ ጋር መለሰለት። እዚያም ቢሆን ኩባንያ ሳያቋቁም በግሉ የሚሠራ አባት ይህ አይደርሰውም። እኛ ጋ ግን የፈቃዱን ደመወዝ የሚችለው አሠሪው ነው፤ የሚተካለት የለም። ስለዚህ ራሴን «ሠራተኛ» ብለው እንኳ ከቀኝ ኪሴ አውጥቼ ግራ ኪሴ መክተት ነው የሚሆነው።

ደጎሎ የደረስኩት በ11ኛው ቀን ነው። የገንፎው እንግዳ ሁሉ መጥቶ ሄዷል። ሚስቴ ልጅቷን ወደ እኔ አዞረቻትና «እናት ዓለም፣ እንግዳ መጣልሽ» አለቻት። ልጄን ተቀብዬ ታቅፌ ምንም አላልኩም። ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ ከየክፍያው ከመቶ 5 እያስቀመጥኩ ነው። ውል ስፈርምም ማስረከቢያዬን በሁለት ሳምንት አስረዝማለሁ። አንዱ ደንበኛ «ይሄ ለምንድን ነው?» ሲለኝ «ለወሊድ» ብዬው ሆዴን አየኝ።

ሁለተኛው ጥር ላይ ይጠበቃል። ባለፈው ሳምንት ለሥራ አስኪያጁ የፈቃድ ጥያቄ አስገባሁ፤ ሥራ አስኪያጁም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ 14 ቀን ፈቀዱልኝ። ማኅተም አለው፣ ግልባጩ ለባለቤቴ ነው። ፎቶውን ለአማቴ ላክሁላቸው።

«ያን አለቃህን አላምነውም» አሉኝ። «በር ላይ ሳይህ ያን ጊዜ።»