መለሎ ነው፤ ልቡስ ታይቷል?

 

ዛሬ ስለ ቁመት ላወራችሁ ነው። አማርኛችን ረጅምና ቀጭን ሰው ማድነቅ ያውቅበታል። መለሎ፣ ሸንቃጣ፣ ሎጋ፣ ለግላጋ… ቃል አይቸግረውም። ጣቶቹ የረዘሙትን «የበገና ደርዳሪ ጣት አለው» እንላለን። መገጣጠሚያዋ እንደ ልብ የሚተጣጠፍላትን ልጅ «ሰርከስ ብትገባ ይዋጣላት ነበር» ብለን እናጨበጭብላታለን። ቁመቱ ሲበዛብን ደግሞ ወደ ተረብ እንሻገራለን። «ፖል!» «እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?» ምናምን… ከዚህ አልፎ ቁመትን የሚጠይቅ ሰው የለም። ምን ተብሎስ ይጠየቃል? ቁመት በሽታ አይደል!

አዎ፣ በሽታ አይደለም። ረጅሞች ሆይ፣ አትደንግጡ፤ አብዛኞቻችሁን የዛሬው ጨዋታ አይመለከታችሁም። የሚመለከታቸው ጥቂቶች ግን በወቅቱ ካወቁ ሕይወታቸውን ያተርፋሉ። እኛ ቤት አንድ አለ፤ ታናሽ ወንድሜ።

ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93። በ7 ዓመቱ መነፅር አደረገ፤ «ቴሌቪዥን ላይ ተለጥፎ እያየ ነው» ተባለ። ደረቱ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ይላል፤ «ሲወፍር ይሞላለታል» ተባለ። ጀርባው ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል፤ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!» ተባለ። እግሩ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ጫማ አያበረክትም። ላንቃው ጠባብ፣ ጥርሶቹ የተደራረቡ፤ የጥርስ ሐኪም ሁለቱን ነቀለለት። ወገቡ ላይ እንደ ወለደች ሴት ሆድ ሸንተረር አለ፤ «ቶሎ ስላደገ ነው» ተባለ። የሰፈር ልጆች ቅርጫት ኳስ ሜዳ ወሰዱት፤ እማዬም «ልጄ መለሎ ወጣልኝ» ብላ ደስ አላት።

ልብ በሉ፤ ማንም ምንም አልደበቀም። መነፅር ቤቱ ዓይኑን፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን፣ የአጥንት ሐኪሙ ጀርባውን አይተዋል። ሁሉም የየራሳቸውን አምድ በደንብ ጽፈዋል። ጋዜጣው ግን አዘጋጅ አልነበረውም። ሁሉንም አምድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይሄ እኮ አንድ ታሪክ ነው» የሚል አልተገኘም።

የተገኘችው አምና ነው። ሳል ይዞት ክሊኒክ ሄድን፤ ተረኛዋ ገና ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ነበረች። ደረቱን ስታዳምጥ ቆየች። ማዳመጫውን አነሳችና ስለ ሳሉ ሳይሆን፣

«መነፅር ከመቼ ጀምሮ ነው ያደረግኸው?» አለችው።

ከዚያ እጁን ግራና ቀኝ አስዘርግታ በሜትር ለካችው። ከአንዱ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው 2 ሜትር ከ5። ከቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጡጫ አስጨበጠችው። ሸሚዙን አስወልቃ ወገቡን አየች። ቀጥላ ወደ እማዬ ዞረች።

«እናቴ፣ የልጆቹ አባት በሕይወት አሉ?»

«የሉም፤ ከሞተ 14 ዓመት አለፈው።»

«በምን አረፉ?»

እማዬ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። አባዬ በ39 ዓመቱ ጠዋት በደህና ወጥቶ ከሰዓት ሬሳው ነው የመጣው። ለቅሶ ላይ አንዱ «ልቡ ነው» አለ፣ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» አለ፣ ሦስተኛው «ቀኑ ደርሶ» አለ። በማግስቱ ቀበርነው። እሱም ረጅም ነበር። እሱም መነፅር ነበረው።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፈች፤ ማርፋን። ከዚያ ለልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ «ኢኮ» ለምንለው ምርመራ ላከችን።

ማርፋን የሰው ስም ነው። አንቷን ማርፋን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 እጅና እግሯ፣ ጣቶቿም ከመጠን በላይ ስለረዘሙ አንዲት ሕፃን ጻፈ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ ግን የጣት ብቻ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ አካልን ከአካል የሚያያይዝ፣ ቅርፅ የሚሰጥ፣ ሲለጠጥ ወደ ቦታው የሚመልስ ነገር አለ፤ አያያዥ ህብረ ህዋስ ይባላል። ጅማት ውስጥ፣ ቆዳ ውስጥ፣ የዓይንን ሌንስ አንጠልጥለው በያዙት ክሮች ውስጥ፣ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሁሉ አለ። የዚህ ክር አንዱ መሥሪያ ፋይብሪሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፋይብሪሊንን የሚያዘው ጂን ላይ ያለው ስህተት የማርፋን መነሻ መሆኑ የታወቀው በ1991 ነው።

እንግዲህ ክሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ችግሩም የክሩን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ዓይኑ፣ ጀርባው፣ ደረቱ፣ እግሩ፣ ቆዳው የተለያየ ሕመም ይመስላሉ እንጂ የአንድ ክር መላላት ናቸው። አደገኛው ደግሞ የማይታየው ቦታ ነው፤ አኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ። ግድግዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል። አያምም። አያስልም። ድንገት አንድ ቀን የውስጠኛው ንጣፍ ሊቀደድ ይችላል። ያኔ የሚቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ይህ የደረሰባቸው ሰዎች ደካሞች እንዳይመስሏችሁ። ፍሎ ሃይማን አሜሪካዊት የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ96፣ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ ያገኘች። ጥር 1986 ጃፓን ውስጥ ስትጫወት ተቀይራ ወጣች፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እዚያው ወደቀች። 31 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ «የልብ ድካም» ተባለ። አስከሬኗ ሲመረመር ግን አኦርታዋ ተቀድዶ፣ ምክንያቱም ማርፋን ሆኖ ተገኘ። ከዚያስ? ወንድሟ ተመረመረ። እሱም ነበረበት፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለአባዬ ያልተጠየቀው ጥያቄ ትዝ ይለኛል። «በምን ሞተ?» የሚለው ለሟቹ አይጠቅመውም እናንተዬ፤ የሚጠቅመው ለቀሩት ነው።

ሁለተኛው ጆናታን ላርሰን ነው፤ «ሬንት» የተባለውን ዝነኛ ሙዚቃዊ ተውኔት የደረሰው። ጥር 1996 ኒው ዮርክ ውስጥ ደረቱን አሞት በቀናት ልዩነት ሁለት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደ። አንዱ የምግብ መመረዝ፣ ሌላው ቫይረስ ብለው ወደ ቤቱ መለሱት። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሊቀርብ በነበረበት ዕለት ማለዳ በ35 ዓመቱ ሞተ። አኦርታው ተቀድዶ ነበር፤ መነሻው ያልታወቀለት ማርፋን እንደነበር ይታመናል። ኒው ዮርክ እንዲህ ከተደረገ እኛ ጋ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ… «ጨጓራ ነው!»

ሦስተኛው በሕይወት አለ። ኢሳያ ኦስቲን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ አንድ ዓይኑ በሬቲና መላቀቅ ምክንያት ጠፍቶ በሌላው ብቻ ነበር የሚጫወተው። በ2014 ለኤንቢኤ ምርጫ ቀናት ሲቀሩት በተደረገለት የልብ ምርመራ ተጠረጠረ፤ የጂን ምርመራም ማርፋን መሆኑን አረጋገጠ። የዚያን ሌሊት ሕልሙ ቢቀርበትም ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሞች ፈቅደውለት በሌሎች አገሮች ተጫውቷል። የዓይኑን ታሪክ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ከልቡ ጋር ያያያዘው ግን አልነበረም።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ምን እንይ?

እስቲ አውራ ጣታችሁን መዳፋችሁ ላይ አስተኝታችሁ አራቱን ጣቶች በላዩ ጨብጡ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ከነጥፍሩ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ወጣ? ቀጥሎ በአንድ እጃችሁ አውራ ጣትና ትንሽ ጣት የሌላውን እጅ አንጓ ክበቡት። አውራ ጣቱ የትንሿን ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ሸፈነው? ሦስተኛ፣ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ለቁመታችሁ አካፍሉት። 1.05 አለፈ? (የወንድሜ 1.06 ነው።)

አንዱ ብቻ ቢገኝ ምንም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል። ጠንካራ ቅርብ የማየት ችግር ወይም ከቦታው የተነሳ የዓይን ሌንስ፣ የጎደጎደ ወይም እንደ ወፍ ደረት የወጣ ደረት፣ የዘመመ ጀርባ፣ ጠፍጣፋ እግር፣ ያለ ውፍረትና ያለ እርግዝና የመጣ ሸንተረር፣ ያለ አደጋ ሳንባ አየር ማስወጣቱ… እነዚህ ተሰባስበው ሲመጡ ግን ዝም አይባልም። በተለይ ከቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ካለ። ሐኪሞችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ ለየምልክቱ ነጥብ ሰጥተው ይደምራሉ፣ ከሁሉ የበለጠ ክብደት የሚሰጡት ግን ለአኦርታውና ለዓይን ሌንሱ ነው።

የሰርከሷንም ልጅ አልረሳኋትም። ከመጠን በላይ መተጣጠፍ፣ ቶሎ ቶሎ መውለቅ፣ የሚለጠጥና በትንሹ የሚበልዝ ቆዳ ካለ ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል ሌላ የዚሁ ክር ሕመም ሊሆን ይችላል። እሱም ብዙ ዓይነት አለው፤ ከሁሉም የሚያስፈራው የደም ሥር የሚያጠቃው ነው።

ማርፋን በግምት ከ5,000 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል። ሕዝባችን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ተመሳሳይ ከሆነ ስሌቱን ሥሩት፣ ከ20 ሺህ ያልፋል። ከአራቱ የሦስቱ ያህል ከወላጅ የመጣ ነው፣ የቀረው አዲስ ነው። ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። በ1972 የታተመ ጥናት የማርፋን ሕሙማን አማካይ የሞት ዕድሜ 32 ነው ብሎ ነበር። ዛሬ በጊዜ የታወቀለትና የሚከታተል ሰው እስከ 70ዎቹ ሊኖር ይችላል። ምሥጢሩ አስማት አይደለም፤ አኦርታን በኢኮ እየለኩ መጠበቅ፣ የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት መውሰድ፣ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሳይቀደድ በፊት በቀዶ ሕክምና መተካት። የሚያረግዙ ሴቶችም ከማርገዛቸው በፊት አኦርታቸው መለካት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በትልቁ ጻፉልኝ፤ ሲፕሮ! ታይፎይድ ነው፣ ሆድ ነው እያልን ከመድኃኒት ቤት የምንገዛት ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቿ አኦርታን ሊጎዱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2018 አስጠንቅቋል። ማርፋን ወይም ኤለርስ ዳንሎስ ያለበት ሰው ሌላ አማራጭ እያለ እንዳይወስዳት ነው የተባለው።

የወንድሜ አኦርታ 4.3 ሴንቲ ሜትር ነው። መደበኛው እንደ ሰው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ4 አይበልጥም። በየስድስት ወሩ ይለካል። ጠዋት ጠዋት የግፊት መድኃኒት ይውጣል፤ ጎረቤት «ግፊት የለበትም፣ ለምን ይሰጡታል?» ይላል። ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ምት ለማለዘብ ነው። እማዬ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አጥብቃ ይዛለች፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። ቅርጫት ኳስ ቀርቷል። እሱ ከበሽታው ይበልጥ ያዘነው በዚህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ከማናችንም ጋር አላወራም። አሁን የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናል።

እኔስ? 1 ሜትር ከ58 ነኝ፤ መለሎ ያለኝ ሰው የለም። ቢሆንም በሽታው ሁልጊዜ በቁመት አይታይምና ኢኮ ተነሳሁ። ውጤቱን ስጠብቅ ኮሪደሩ ላይ የነበሩትን ወንበሮች ሁሉ ቆጥሬያለሁ። 2.9 ሴንቲ ሜትር። ደህና ነኝ። እማዬ እልል ስትል ወንድሜ ፈገግ አለ፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ሁለታችንም የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ሳንቲሙ ለእኔ በአንድ በኩል፣ ለእሱ በሌላ በኩል ወደቀ።

ስለዚህ የሰፈራችሁን ፖል፣ የክፍላችሁን ቀውላላ፣ ቤታችሁ ያለውን መለሎ ማድነቁን አትተዉ። ብቻ መነፅሩን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን አንድ ላይ እዩት። ከተጠራጠራችሁ «ልብህ በኢኮ ታይቷል?» በሉት። ቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት ያረፈ ካለም እናቶቻችሁን፣ አጎቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ ቁመቱ፣ ዓይኑ፣ ያን ዕለት የት የት አሞት እንደነበር። ድንገት ደረቱን ወይም ጀርባውን እንደሚቀደድ ሆኖ ያመመው እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ «አኦርታው ይታይ» በሉ። ቃሉን አጥኑት። አ-ኦ-ር-ታ።

ቸር እንሰንብት!