ፍሬና ዛፍ በአንድ ምልክት

ቻይናዎች ፖምን «ፒንግጉዎ» ይሉታል፤ በ2 ምልክትም ይጽፉታል። ዕድሜዬን ሐርፍ ሳስቆጥር ኖሬ፣ ቻይንኛ ከምትማረው ልጄ ዘንድ ተቀምጬ ሁለተኛውን፣ «ጉዎ» የሚባለውን፣ ቀራሁ። ትርጉሙ ፍሬ ነው። (የቻይና ሑይ ሙስሊሞች ቻይንኛን በዐረብኛ ሐርፍ የሚጽፉበት የቆየ ስልት አላቸው፤ ያ ለእኔ ምንኛ በቀለለኝ!)

ምልክቱ 8 ጭረት አለው፤ ተራውም የታወቀ ነው። በመጀመሪያ መሐሉ ላይ አግድም መስመር ያለው ሳጥን በ4 ጭረት ይሠራል። እዚህ ላይ ብታቆም የጻፍከው ፍሬ ሳይሆን «ፀሐይ» ነው! ከሳጥኑ ሥር አንድ አግድም ታሰምርና ከሳጥኑ አናት እስከ ታች ግንዱን ታወርዳለህ፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ዘመም ያሉ 2 ጭረቶች ትጨምራለህ። እነዚህ የኋለኞቹ 4 ብቻቸውን ሲጻፉ «ዛፍ» ይባላሉ። ሱብሓነላህ! ግንዱ ፍሬውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

ቃሉ እንደ እኛው «ፍሬ»፣ እንደ ዐረብኛውም «ሠመራ»፣ ውጤት ማለትም ይሆናል። በሱረቱ ኢብራሂም መልካም ቃል በመልካም ዛፍ መመሰሏ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ሥሩ ይቀድማል፣ ፍሬው ኋላ ይመጣል።

ልጁን መድረሳ ባስገባ በወሩ «ኡስታዝ፣ መቼ ነው የሚያኸትመው?» የሚለኝ አባት ግን ብዙ ነው። ወንድሜ፣ ልጅህ በዚህ ሳምንት «ሷድ»ን ከ«ሲን» ለየ። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ አጠገብህ አስቀምጠውና ሲቀራልህ ስማው።