ረቡዕ ቀን በሐረር

ከልጅነት ወዳጆች ጋራ ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ መገናኘት ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታልና ስለዚያ ብዙ አንናገርም። ነገር ግን ከደስታው ጋራ ተቀላቅሎ የሚመጣ አንድ ፍርሃት አለ፤ ይኸውም በልጅነት ያደረግነው ክፉ ሥራ እስከ ዛሬ በወዳጃችን ልብ ተቀምጦ ይሆንን የሚል ነው። ባለፈው የጥር ወር ወደ ሐረር በሄድን ጊዜ ይህ ፍርሃት አብሮን ተጓዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ባልንጀሮች ከ28 ዓመት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ሆነን እንማር ነበር። ሦስታችን ክርስቲያኖች ስንሆን አራተኛው ከሐረር የመጣ የሙስሊም ልጅ ነበረ። እንደሚታወቀው በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም በጉርብትና፣ በእድርና በለቅሶ አንድ ሆኖ ሲኖር ማዕዱ የሚለየው በሥጋ ነው፤ አንዱ ባርኮ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህም ልጅ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሥጋ በቀረበ ቀን ዳቦውንና ሻዩን ይዞ ወደ ጥግ ይሄድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከከተማ ሳምቡሳ ገዝተን መጣንና ምስር ነው ብለን ሰጠነው። ምስር አልነበረም። ሁለት ከበላ በኋላ ሳቃችንን መያዝ አቃተን፤ እርሱም ነገሩን ከፊታችን አነበበው። አንዳች ሳይናገር ወደ ቧንቧ ሄዶ አፉን ደጋግሞ ሲጉመጠመጥ አየነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገሩ ሄዶ በዚያው ቀረ። ምስር ነው ብሎ የዋሸው አፍም የባልንጀሮቻችን ሳይሆን ይህን የምንጽፈው የእኛ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ዘመን በየፊናችን በተነን። እኛ አስቀድሞ ከየኔታ ዘንድ ኋላም ከሚሲዮን የተማርነው ጽሕፈት እንጀራ ሆኖልን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር፣ አንደኛው ባልንጀራችን በባሕር ዳር መምህር ሆነ፤ ሁለተኛው በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ቤት ሠራ፤ የሐረሩም ወዳጃችን የአባቱን የቡና ንግድ ተረከበ። በየበዓሉ በስልክ እንኳን አደረሰህ እንባባል ነበር፤ ስለ ሳምቡሳው ግን ማንም አንሥቶ አያውቅም። የአሜሪካው ባልንጀራችን ለጥምቀት በመጣ ጊዜ የሐረሩ ወዳጃችን ሦስታችንንም ከእናቱ ቤት ምሳ ጠራን። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን ብንለው፣ «አይሆንም፤ ረቡዕ ኑ» አለ። ሥራ ቢበዛበት ነው ብለን አሰብን።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሄድን። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በዘይላ መንገድ በግመል ይመላለስ የነበረው የሐረር ንግድም ብዙው ወደዚያ ወረደ። ከዚያ ወደ ሐረር የሚወስደው 50 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል፤ ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየቀነሰ ሄዶ ከላይ ስንደርስ ነጠላችንን ለመደረብ ወደድን። በአወዳይ የጫት ገበያ መኪናችን በሕዝብ ብዛት ቆመ። ስለ ጫት የምንለው ብዙ ነበረ፤ ዛሬ ግን ነገራችን ስለ ምግብ ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ወዳጃችን በሐረር በር ቆሞ ተቀበለን። ጠጉሩ ሸብቷል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ትከሻ ለትከሻ እየተገናኘን ብዙ ጊዜ ተሳሳምን፤ ከዚያም «ምሳው እስኪደርስ ከተማውን ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ጀጎል አስገባን።

ጀጎል በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው። ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ሲሆን በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች ተመዝግበዋል። ግንቡን በአውሮፓ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር አሠሩት፤ የጥንት በሮቹም አምስት ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ራስ መኰንን ተሾሙባት። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ የሸዋል ዒድ በዓሉንም በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ መዝግቦታል።

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው፤ ዛሬ በፈረስ ፈንታ ባጃጅ ይጮኽበታል። ከዚያ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። አንዱ ሰፊ የአሜሪካውን ባልንጀራችንን የኮት እጅጌ መተርተሩን ከሩቅ አይቶ ጠራውና ቆሞ ሳለ ሰፍቶ ለቀቀው፤ ዋጋውንም ስንጠይቀው እንግዳ ናችሁ ብሎ እንቢ አለ። በጊድር መጋላ ከሥጋ ሻጮቹ በላይ ጭልፊቶች ይዞራሉ፤ ቍራጭ ሥጋ በእጁ ያነሣ ሰው እንደ ሆነ ወርደው ይነጥቁታል፤ ጣቱን ግን አይነኩም። ሴቶቹ በየቅርጫታቸው ያቀረቡት የአብሽ፣ የሄልና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ከቡናው ሽታ ጋራ ተደባልቆ ሰውን ከሩቅ ይጠራል።

አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ በ1873 ዓ.ም. ለቡናና ለቆዳ ንግድ ወደዚህች ከተማ መጥቶ ነበር። በስሙ የሚጠራውን ያማረ የእንጨት ሰገነት ያለውን ቤት ጐበኘን፤ ነገር ግን ቤቱን አንድ የህንድ ነጋዴ ከእርሱ ዘመን በኋላ ያሠራው ስለ ሆነ ባለ ቅኔው አልኖረበትም። ከዚህ ይልቅ እኛን ይዞ ያቆመን በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። በብራና ላይ ያደግን ሰው ስለ ሆንን በወረቀት ላይ በዐረብ ፊደል የተጻፉትን የሐረር መጻሕፍት፣ ከቆዳ የተሠራውንም እንደ ደብዳቤ ኪስ የሚታጠፍ ድጉስ ስናይ እጃችን ሊዳስሰው ቃጣ። ባልንጀሮቻችን ባይጎትቱን ኖሮ ምሳው ባለፈን ነበር።

ወደ እናቱ ቤት ስንሄድ ከመተላለፊያዎቹ ሁሉ እጅግ ጠባብ በሆነው፣ የእርቅ መንገድ እያሉ በሚጠሩት አሳለፈን። ወዳጃችንም «ሁለት የተጣሉ ሰዎች እዚህ ቢገናኙ አንዱ ለሌላው ሳይናገር ማለፍ አይችልም» አለን። ከፊታችን ሆኖ ስለ ተናገረ ፊቱን አላየንም። ሆን ብሎ ነው ወይስ ለእንግዳ ሁሉ የሚነገር ነገር ነው ብለን በልባችን ተጨነቅን፤ አንድም ቃል ሳንናገር ግን መንገዱ አለቀ።

የሐረር ሰው ቤት ከውጭ ሲያዩት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከውስጥ ግን ሌላ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ መቀመጫ አላቸው፤ የግብር አዳራሽ ሥርዓትን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ግድግዳው በስፌት መሶቦችና በቀለም ሳሕኖች ተሸፍኗል፤ ወለሉም ቀይ ነው፤ ይህም በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። በዚያ ጦርነት አያቶቻችን በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፉ ስለምናውቅ በወለሉ ላይ ስንራመድ ድምፃችን ዝቅ አለ።

እናቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሦስታችንን በየተራ ከሳሙን በኋላ «ልጆቼ፣ ዛሬ ጾማችሁ አይደለምን? ልጄ ረቡዕ ይመጣሉ ባለኝ ጊዜ ቅቤውን ከማድ ቤት አስወጣሁት፤ ድስቱም ከሸክላ ሠሪ ትናንት የመጣ ነው» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። ቀኑን የመረጠው ስለ ንግዱ አልነበረም። ቅዳሜ ብንመጣ ኖሮ የእኛና የእርሱ ማዕድ ሁለት መሆኑ ነው፤ ረቡዕ ግን ሥጋ የሚበላ ከእኛ አንድም ስለሌለ በአንድ ትሪ መቀመጥ ተቻለ።

የእጅ ውሃ መጣ፤ እነርሱ ቢስሚላህ ሲሉ እኛ አማተብን። የቀረበው ሁልበት ነው። ቤት የያዙ አንባቢዎች እንዲያውቁት አሠራሩን ጠይቀናል፤ የአብሽ ዱቄት በውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ከወጣ በኋላ ነጭ አረፋ እስኪሆን ድረስ በእጅ ይመታል። ከእኛ እልበት ጋራ ዘመድ ይመስላል፤ የሚወርድበት መረቅ ግን የቲማቲምና የቃሪያ ሆኖ ቅመሙ ይበረታል። ከጎኑ በሄል የተቀቀለ ሩዝ፣ ትኵስ ዳቦም ነበረ። መምህሩ ባልንጀራችን በዝምታ እጅግ ብዙ በላ።

ከዚያም እናቲቱ ራሳቸው አንድ ሳሕን ሳምቡሳ ይዘው ገቡ። ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። ወዳጃችን አንዱን አነሣና ከመካከሉ ገመሰው፤ ወደ ውስጡ ተመለከተ፤ ከዚያም ግማሹን ለእኛ ዘረጋልን። «ምስር ነው» አለ። እናቲቱም ምንም ሳይጠረጥሩ እየሳቁ «ይህ ልጅ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ በእኔ እጅ የተሠራውን እንኳ ሳይገምስ አይበላም። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቀው ነግሮን አያውቅም» አሉ።

በፍርድ ቤት የሌሎችን የእምነት ቃል ስንጽፍ ብዙ ዓመት ኖረናል፤ የራሳችንን ለመናገር ግን ምላሳችን ተሳሰረ። ሆኖም ግማሹን ሳምቡሳ በእጃችን እንደ ያዝን ከመደቡ ወርደን ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእናቲቱ ነገርናቸው፤ የዋሸውም ማን እንደ ሆነ አልደበቅንም። ወዳጃችን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ኋላም «ይቅር ያልኋችሁማ ድሮ ነው፤ እጄ ግን አልሰማም» አለ። እናቲቱ ጥቂት ጊዜ ልጃቸውን ተመልክተው ሳሕኑን ወደ እኛ ገፉት። «የ28 ዓመቱ ሳምቡሳ ቀዝቅዟል፤ የዛሬው ሳይቀዘቅዝ ብሉ እንጂ!» አሉን። በላን።

ከምግቡ በኋላ ቁጢ ጠጣን፤ ይህም በቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ጥቂት ጨው የሚደረግበት መጠጥ ነው። የወትሮው በወተት ነው፤ የዚያን ቀን ስለ እኛ ወተቱ ቀረ፤ እናቲቱም ያለ ወተት ጣዕም የለውም እያሉ አብረውን ጠጡ።

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ወጥተን ጅብ ሲበላ አየን። ጅቦችን በስም እየጠራ የሚያበላው ሰው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ ሲዘረጋላቸው እንደ ቤት ውሻ ቀርበው ይወስዳሉ። የአሜሪካው ባልንጀራችን እንጨቱን ይዞ ለማብላት ተነሥቶ ነበር፤ የጅቡን ትንፋሽ በሰማ ጊዜ ግን እንጨቱን ጥሎ በመምህሩ ጀርባ ተሸሸገ። በዚያ ረቡዕ ከመካከላችን ሥጋ የበላ ጅቡ ብቻ ነው ብለን ሳቅን።

በማግሥቱ ማለዳ ወዳጃችን ለእያንዳንዳችን አንድ ከረጢት ቡና አስይዞ ሸኘን። በመኪናው መስኮት ጎንበስ ብሎ «በሚመጣው ዓመት ቅዳሜ ኑ፤ ሁለት ፍየል እገዛለሁ። አንዱን እኛ እናርዳለን፣ አንዱን እናንተ ባርካችሁ ታርዳላችሁ፤ ድስቱም ሁለት ይሆናል» አለ። መምህሩ ደስ ብሎት ተስማማ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ግን ከሦስታችን ፍየል ማረድ የሚችል ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ መልስ የሚሰጠው አላገኘም።