የተደገመ ምርቃት

እንጀራዬ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ብዙ ሠርግ አንሥቻለሁ፤ ከብዙዎቹም የማስታውሰው የሙሽሪትን ልብስና የወጡን ቅመም ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በወረታ ያነሣሁት ሠርግ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ኅሊናዬን ይወቅሰኛል፤ ስለዚህም ለአንባቢ ልናገረው ወደድሁ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ቀድሞ ይህ ውሃ ለገበሬው መከራ ነበረ፥ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ሀብትም ሆነለት። እኔ በደረስሁ ጊዜ ሩዙ ታጭዶ ጭዱ ተከምሮ፥ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ በቅሎ ነበር። በዳሱ የበላነው እንጀራ እንኳ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ነጭነቱ እስከ ዛሬ በዐይኔ አለ።

ሙሽሮቹ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል። ደብተር በመዋዋስ ተዋወቁ፥ ቆይተውም ተፋቀሩ። የልጅቱ አባት ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። እርሳቸው የተዳሩት አባታቸው ሽማግሌ ልከውላቸው ነው፤ የሚስታቸውንም ፊት ያዩት በሠርጉ ማታ ነው። እናቲቱ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይሙላ ይል ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ ከእነርሱ ጎጆ አልደረሰም። ዛሬ ሕጉ 18 ይላል፤ ልጅቱም 22 ሞልቷት ነበር። አባትየው የሙሽራውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ። እሺ ይበሉ እንጂ ልባቸው እንዳልፈቀደ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በዋዜማው ሙሽሮቹን ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ወስጄ በጥቁር ሰሌዳው ፊት አነሣኋቸው። ያማረ ወጣ።

በማግሥቱ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋራ መጥቶ ሙሽሪትን ይዞ ሊወጣ ሲል፥ እንደ ልማዱ የወላጆቿን ጉልበት ለመሳም ተንበረከኩ። ልጅቱ የአባቷን ጉልበት ስትስም፥ እኒያ ከጧት ጀምሮ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰው እጃቸውን በራሷ ላይ አኖሩ። ሊመርቁ ጀመሩና ቃሉ በጉሮሮአቸው ቀረ። ከዚያም ሙሽራውን ከተንበረከከበት አንሥተው አቀፉት፥ አለቀሱም። ዳሱ ጸጥ አለ፤ እልል ትል የነበረችው አክስት እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? የፍላሼን ባትሪ እቀይር ነበር።

«አባቴ፥ አልወጣልኝምና እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኋቸው። ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ። «እሺ ልጄ፥ ሥራህ ከሆነ» አሉ። ሙሽሪት እንደ ገና ተንበረከከች፤ እርሳቸውም እጃቸውን አነሡ፤ የሚያዩት ግን ወደ እኔ ነበር። «እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምርቃቱን ቃል አልደገሙትም። አነሣሁ።

ልጆቹ ለዚያች ቀን ሰባት ዓመት ታግሠዋል። አባትየውም ልባቸውን ለመስጠት ስንት ሌሊት እንዳሰቡ እርሳቸው ያውቃሉ። እኔ ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጨዋታ አስመሰልሁባቸው። ጥፋቴ ባትሪው አይደለም፤ ባትሪ የማንም ያልቃል። ያመለጠኝን ነገር አመለጠኝ ብዬ ዝም ለማለት አለመቻሌ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ወደ ቤታቸው ጎራ አልሁ። ፎቶግራፉ በመስተዋት ተደርጎ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባትየው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ያን ቀን እንዳለቀስሁ እዚህ ላይ አይታይም» አሉ። የምመልሰው ጠፋኝ።

እናቲቱ ቡናውን እየቀዱ፥ ከጀበናው ቀና ሳይሉ፥ «እኔ አይቻለሁ» አሉ።

ሁለተኛውን ቡና ጠጥቼ ተነሣሁ።